እኛ «ተዛማጅ» አይደለንም

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ የሥራ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነበር። አብራኝ ያለችው በሶሻል ወርክ፣ ማለትም በማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ፣ የተመረቀች ልጅ ናት። ሥራ መፈለግ ከጀመረች ዓመት አልፏታል። ከተለጠፉት አንዱን በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። የሥራ መደቡ ሶሻል ወርከር ነው። ተፈላጊው ትምህርት ደግሞ በሶሻል ወርክ፣ በሶሲዮሎጂ፣ በሳይኮሎጂ፣ በማኔጅመንት ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ ይላል።

«እቴቴ፣ አዋላጅ ነርስ ሲፈልጉም ተዛማጅ ይላሉ?» አለችኝ።

አይሉም። አዋላጅ ነርስ ሲፈልጉ አዋላጅ ነርስ ነው የሚሉት። ፋርማሲስትም እንደዚያው። ለልጅቷ ግን የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ቡና ጋብዣት ተለያየን። ጥያቄዋ ከራሴ አልወጣ ስላለኝ ይህን ጻፍኩ።

ሶሲዮሎጂም ሆነ ሳይኮሎጂ ካጠኑ ሰዎች ጋር ጠብ የለኝም። ከእነሱ ጋር ሠርቻለሁ፤ ከእነሱም ብዙ ተምሬአለሁ። የሚያመኝ ቃሉ ውስጥ ያለው ሐሳብ ነው። ይህን ሥራ ማንም ቢገባበት ይሠራዋል ነው የሚለው። ደግ ልብ ካለው፣ እስኪብርቶ ከያዘ፣ ይበቃል ነው። ሐቁን ልናገር ካልኩ ደግሞ በሩን ወለል አድርገን የከፈትነው እኛው ነን። የሠለጠንነውም፣ የምናሠለጥነውም። ሙያውን ሳናወርሳቸው ዲግሪ ሰጥተን እንሸኛቸዋለን።

እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በ2006 ዓ.ም. ነው። ያኔ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተጠርዘው ተመለሱ። የወሎ ልጆች በመካከላቸው ብዙ ነበሩ። ከሐይቅ፣ ከሐርቡ፣ ከባቲ፣ ከመርሳ የወጡ ልጆች። ገሚሶቹ በጅቡቲ አድርገው፣ ባሕር ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው የሄዱ ናቸው። እኔ አዲስ ምሩቅ ነበርኩ። የተሰጠኝ ሥራ ተመላሾቹን ከቤተሰብ ጋር ማገናኘትና መከታተል ነበር።

የመጀመሪያ የቤት ጉብኝቴን አልረሳውም። አንዲት ልጅ በሠራችበት ቤት ብዙ ግፍ ደርሶባት መጥታለች። የደረሰባትን ሰው እንዲያውቅባት አትፈልግም። እኔ አርማ በተለጠፈበት ነጭ ላንድክሩዘር፣ አርማ ያለበት ካኒቴራ ለብሼ፣ የቀበሌ ሰው አስከትዬ ደጃቸው ደረስኩ። የሰፈሩ ልጆች መኪናውን ከበቡት። ገባሁና ፎርሜን አወጣሁ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ የጠየቅኳትን ሁሉ መለሰች።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ስለ እሷ ያወራ ነበር። «ያቺ ልጅ አንድ ነገር ሆና ነው የመጣችው» ይባላል። እናቷን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አልተቆጡኝም። «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አውቀሽ አይደለም። ግን በእግርሽ ብትመጪልን ምን ነበረበት?» አሉኝ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ወራት ሳይቆይ ተመልሳ ተሰደደች።

እዚህ የምነግራችሁን ታሪኮች ዝርዝር ቀያይሬያለሁ፤ ሰዎቹ እንዳይታወቁ። የተቀረው እንዳለ ነው። ምስጢር መጠበቅ የሚለውን ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። ፈተናውንም በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት። ያን ቀን የሚያስፈልገኝ ግን ከጎኔ ተቀምጦ «መኪናውን ዋናው መንገድ ላይ አቁሚና በእግር ግቢ» የሚለኝ አንድ ነባር ሰው ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። የሚላት ሰው አልነበረም።

ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ገጠር ስንወጣ «ረድኤቶች መጡ» እንባላለን። ከተማ ውስጥ የኤንጂኦ ሰዎች ነን። ሆስፒታል ከሠራን «ሲስተር» ይሉናል። መጠለያ ውስጥ ደግሞ መዝጋቢዎቹ ነን። ሰው በዚህ አይፈረድበትም። ወሎ ውስጥ ወረቀት ይዞ የሚመጣ እንግዳ የረጅም ጊዜ ታሪክ አለው። በ66ቱ ረሃብ ወረቀት የያዘው ሰው እህል የሚያድለው ነበር። በ77ም እንደዚያው። በዚያው ሰሞን ግን ሌላ ወረቀት የያዘም ነበረ፤ የሠፈራ ስም ዝርዝር የሚጽፈው። ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲጓዝ ብዙው የተነሣው ከወሎ ነው። ወዶ የሄደ አለ፤ ተገዶ የተጫነም አለ። እናት ከልጅ የተለያየበት ቤት አለ። ስለዚህ አንዲት አዛውንት ፎርም ስናወጣ ፊታቸው ቢጠቁር አልቀየማቸውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሙያችን የት ነበር? አገራችን ሶሻል ወርክ ማስተማር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ትምህርት ቤቱ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። በደርግ ዘመን ተዘጋና ትምህርቱ ሶሲዮሎጂ ውስጥ ገባ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ቺካጎ ካለው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። በመካከሉ 30 ዓመት ገደማ ባዶ ነው። የ77ቱ መዓት፣ ሠፈራው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነት፣ ሁሉም ወሎን ያገኛት በዚያ ባዶ ጊዜ ውስጥ ነው።

እነዚያ ዓመታት የወሰዱብን ምሩቃንን ብቻ ቢሆን ኖሮ በጊዜ ብዛት ይሞላ ነበር። የወሰዱብን ታላላቆቻችንን ነው። ያኔ ተመርቀው መሥራት የነበረባቸው ሰዎች ናቸው በ2006 እኔን «መኪናውን ራቅ አድርገሽ አቁሚ» ሊሉኝ የሚገባቸው። እነሱ የሉም። ስለዚህ እኔ ከሰው ላይ ተማርኩ። የተማርኩባት ልጅ ዋጋውን ከፈለች።

የሙያችን ማንነት ጥያቄ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1915 አብርሃም ፍሌክስነር የሚባል አሜሪካዊ ባልቲሞር ላይ በተካሄደ ጉባኤ «ሶሻል ወርክ ሙያ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ከአምስት ዓመት በፊት የአሜሪካና የካናዳ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን መርምሮ ብዙዎቹን ያናወጠ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ስለዚህ ሲናገር ይሰማል። መልሱ «ገና ነው» የሚል ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው፦ ሶሻል ወርከር የተቸገረውን ሰው ከሐኪም፣ ከዳኛ፣ ከመምህር ጋር ያገናኘዋል እንጂ የራሱ ብቻ የሆነ ዘዴ የለውም። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለችው «ተዛማጅ» የምትል ቃል ከዚህ ሐሳብ ብዙም አትርቅም።

ሙያው ከዚያ ወዲህ ለዚህ ሰው መልስ ሲፈልግ ነው የኖረው። ዘዴ ቀመረ፤ የሥነ ምግባር ደንብ ጻፈ፤ በየአገሩ ፈቃድ አወጣ። ጥሩ ነው። እኔ ግን የወሎ ልጅ ነኝ። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስሰማ አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሎ ነበር። ማገናኘት እንዴት ጉድለት ይሆናል? እኛ ዘንድ መሐል ገብቶ ሰውን ከሰው ከማገናኘት በላይ የሚከበር ሥራ ምን አለ? የአበጋር ሥራ ምንድን ነው?

ለማታውቁት፣ አበጋር በወሎ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሰማዋል። ሥልጣኑን የሰጠው መሥሪያ ቤት የለም። ብዙ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። ወደ ራያና ቆቦ ስትሄዱ ደግሞ ዘወልድ የሚባል አስታራቂ አለ። እኔን የሚያስቀናኝ የሚማሩበት መንገድ ነው። ልጁ ከአባቱ ኋላ ይቀመጣል። ዝም ብሎ ያያል። አባቱ ማንን አስቀድሞ እንደሚያናግር ያያል። መቼ ዝም እንደሚል ያያል። የሟች እናት ማልቀስ ስትጀምር ጉዳዩን ለሌላ ቀን ለምን እንደሚያሳድረው ያያል። ዓመታት እንዲህ ያልፋሉ። አንድ ቀን «እስቲ አንተ ተናገር» ይባላል። ያን ልጅ ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም። እሱም ራሱን አይጠይቅም።

የእኛ ተማሪዎች ግን ይጠይቃሉ። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ደርሰውም ይጠይቃሉ። ንድፈ ሐሳቡን አሳምረው ያውቁታል። ከዚያ ለተግባር ልምምድ ይላካሉ፤ አፓረንት የምንለው ማለት ነው። ጊዜው አጭር ነው። የሚላኩበት ቢሮ አብዛኛውን ጊዜ አንድም ሶሻል ወርከር የለውም። ምን ይሠራሉ? ፎቶ ኮፒ ያነሣሉ። የሥልጠና ተሳታፊ ያስፈርማሉ። የሩብ ዓመት ሪፖርት ይተይባሉ። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ፎርሙ ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ይፈርምና ማኅተም ያሳርፋል። ያ ተማሪ ከተቸገረ ሰው ጋር ተቀምጦ ሲያወራ ያየው የለም። ሲሳሳት ያረመው የለም። መምህራኑን አልወቅስም። አንድ መምህር ያን ሁሉ ተማሪ ይዞ፣ ያለ መኪና፣ ያለ አበል፣ ስንት ወረዳ ይደርሳል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ልምምዱ ሙሉ የትምህርት ዓመት ይሁን፤ በሳምንት ሁለት ቀን። ለአራት ለአምስት ተማሪ አንድ ነባር ባለሙያ ይመደብ። ባለሙያው ያን ሰዓት ከመደበኛ ሥራው ይቀነስለት እንጂ በትርፍ ጊዜው እንደ ውለታ አይሥራው። ቦታውም ደሴ ከተማ ብቻ አይሁን። ደላንታ ይሂዱ፤ ለጋምቦ ይሂዱ፤ መቄት ይሂዱ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አለ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሰሜኑን ይዟል። ወረዳዎቹ፣ ሆስፒታሎቹ፣ ፖሊስ ጣቢያዎቹ፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቶቹ እዚሁ ናቸው። የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። ሥራ ለማይችሉ አዛውንትና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። እዚያ ላይ ቤት ለቤት እየሄደ የሚከታተል ሰው ምንኛ ያስፈልጋል! ተማሪዎቻችን እዚያ ቢሠሩ ለሁሉም ይጠቅማል። የጎደለው በአንድ ወረቀት ላይ አብሮ መፈረም ነው።

ቅሬም ይላኩ። አዲስ አበባ እድር የሚሉትን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ማን እንደታመመ፣ ማን ቤት ጭስ እንዳልወጣ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረች ከቀበሌው በፊት የሚያውቁት የቅሬ ሴቶች ናቸው። አንድ ተማሪ ስለ ማኅበረሰብ አደረጃጀት መጽሐፍ ከማንበቡ በፊት አንድ ለቅሶ ቤት ውኃ ቢቀዳ፣ ድንኳን ቢተክል ብዙ ይማራል። ቡና ሲሉት «አልጠጣም፣ እቸኩላለሁ» የሚል ተማሪ አጋጥሞኛል። በወሎ ቡና ጀባ የተባለ ሰው ሲቸኩል ምን ማለቱ እንደሆነ አላወቀም። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ይህን ስም ለተማሪዎቼ ሳልነግራቸው የመጀመሪያውን የቤት ጉብኝት አንወጣም።

አሁን ደግሞ የከበደውን ላንሣ። አበጋርን አመስግኜ፣ ቅሬን አመስግኜ ብተወው ነገሩ አይሞላም። ሽማግሌና ቅሬ ካሉን ሶሻል ወርከር ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት አብራኝ የነበረችው ልጅ ተማሪ ሳለች ልምምዷን የሠራችው እኔ ጋር ነው። አንድ ቀን ፊቷ ፈክቶ መጣች። የያዘችው ጉዳይ የአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ጎረቤታቸው የሆነ ወጣት አስገድዶ ደፍሯታል። ሁለቱ ቤተሰቦች ሊጋደሉ ምንም አልቀራቸውም። ሽማግሌ ገባ። ካሳ ተቆረጠ። ልጁም እንዲያገባት ተወሰነ። ተማሪዋ ፋይሉ ላይ «በእርቅ ተጠናቋል፤ ኬዙ ተዘግቷል» ብላ ጽፋለች።

«ልጅቷ ምን አለች?» አልኳት።

ዝም አለች።

«አናገርሻት?»

«አባቷን ነው ያናገርኩት።»

ፋይሉን መለስኩላት። አልተቆጣኋትም። እኔ በእሷ ዕድሜ ምን እንዳደረግኩ ነግሬአችኋለሁ፤ ለእሷም ነገርኳት።

ሕጉን አታውቀውም እንዳትሉ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው ወይም ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያን ቀዳዳ ደፍኖታል። የክልላችን የቤተሰብ ሕግም ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል። ተማሪዋ ይህን ሁሉ ተምራለች። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ፊት ስትቀመጥ የተቀመጠችው እንደ ሰፈር ልጅ ነበር። ጨዋ ሆና፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ታላላቆቿን እያከበረች። እንደዚያ ነው ያደግነው። ያደግንበትን ሳይጥሉ በዚያ መሐል አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ድፍረት የሚሰጠው ሥልጠና ነው። ያን ሥልጠና አልሰጠናትም ነበር።

ተመልሳ ሄደች። ልጅቷ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ጠብቃ አብራት ወረደች። ጀሪካኑን ተጋግዘው ሲመለሱ ነው ልጅቷ የተናገረችው። «እሱን ከማገባ ብሞት ይሻለኛል» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል አልነበረም። ሆስፒታል፣ ፖሊስ፣ ዓቃቤ ሕግ፣ አክስቷ ቤት የሚሆን ማደሪያ። ከሁሉ የከበደኝ ሽማግሌው ጋር መቀመጥ ነበር። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ብዙ ደም ያደረቁ። ለረጅም ሰዓት ቀና ብለው አላዩንም። «እኛ ያበረድነውን እሳት ልትቆሰቁሱት ነው?» አሉ። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነበር። በዚያ ሰፈር ሰው ሊሞት ይችል ነበር። «አባባ፣ እርቁ ይጽና። ቤተሰቦቹ አይጋደሉ። ልጅቷ ግን የእርቁ ዕቃ አትሁን» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡን ወጣን። በሦስተኛው ቀን ጋብቻው ቀርቷል፣ የሁለቱ ቤት ሰላም ግን እንደጸና ነው ብለው ላኩብን። ደፋሪው በሕግ ተጠየቀ። ሽማግሌው እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ያለ ነው። እኔ ግን ጉልበታቸውን ሳልስም አላልፍም።

ያን ሰሞን ነው ለጥያቄው የራሴን መልስ ያገኘሁት። ሽማግሌው የሁለት ወገን ሰው ናቸው። ሥራቸው ሁለቱን ማስማማት ነው፤ ያለ እነሱ ይህ አገር አይውልም አያድርም። እኛ ደግሞ ወገን ተብሎ ያልተቆጠረውን ሰው ነው የምንፈልገው። በዚያ እርቅ ውስጥ የእሷ ቤተሰብ ነበር፤ የእሱ ቤተሰብ ነበር። እሷ አልነበረችም። እሷን ፈልጎ፣ ለብቻዋ ሰምቶ፣ ምስጢሯን ጠብቆ፣ ቃሏን ይዞ ወደ ትልልቆቹ ሰዎች መግባት ሙያ ነው። ይህ በደግነት ብቻ አይሆንም። ተማሪዋ ከደግነት ምንም አልጎደላትም ነበር።

ይህ ጉዳይ በሰላሙ ጊዜ እንዲህ ከሆነ በክፉው ጊዜ ምን እንደሚሆን አይተናል። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከሰሜን ወሎ ሕዝቡን ሲነቅለው ደሴ በተፈናቃይ ሞላች። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው ገባ፤ አስተናጋጆቹም ተሰደዱ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሐይቅ፣ ጃሪና ጃራ ያሉ መጠለያዎች ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎችን ተቀበሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ77 ከወሎ ተጭነው የሄዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። አያት በረሃብ ከሄዱበት መንደር የልጅ ልጅ በጥይት ተባሮ ተመለሰ። ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው ፎርም ይዞ ፊታቸው ሲቆም ምን ይጠይቃቸዋል? ስንት ቤተሰብ ናችሁ፣ ብርድ ልብስ ደርሷችኋል? ያም ያስፈልጋል። ግን በዚያ አያልቅም።

አንድ መጠለያ ውስጥ የአንድ እናት ቃል አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ገና ወረቀቴን ሳወጣ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ስሜን የጻፈ ብዙ ነው። ተመልሶ የመጣ የለም» አሉኝ። ወረቀቴን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። በማግስቱ ባዶ እጄን ሄድኩ። በሦስተኛው ቀንም ሄድኩ። በአራተኛው ቀን ስለ ጠፋው ልጃቸው ነገሩኝ።

በዚያ ጊዜ አብረውን የሠሩ ተማሪዎች ራሳቸው ተፈናቃይ ነበሩ። ቤታቸው ተዘርፏል። ቀን የሰው ዕንባ ሲያብሱ ውለው ማታ የሚያወራቸው አልነበረም። አንዱ ምሩቅ በዓመቱ ሥራውን ትቶ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። «ባጃጅ ላይ ተሳፋሪው ሲወርድ ያልቅልሃል፤ ያ ሥራ ቤት ተከትሎኝ ይገባል» አለኝ። ሱፐርቪዥን ስንል ስሕተት ማረም ብቻ አይደለም የምንለው። ሰሚውንም የሚሰማው ሰው ማለታችን ነው። የአበጋሩ ልጅ ከጉባኤው ሲመለሱ ከአባቱ ጋር እያወራ ነው ቤቱ የሚገባው።

ቀጣሪዎችን አንድ ነገር ልለምን። «ተዛማጅ» የሚለውን ዛሬውኑ ሰርዙት አልልም። ከሌላ መስክ የመጣና ሥራውን የሚችል ሰው ካለ ይግባ። ነገር ግን ሁላችንንም አንድ ጥያቄ ጠይቁን። ነባር ባለሙያ እያየህ፣ እያረመህ፣ ስንት ሰዓት ሠርተሃል? የሶሻል ወርክ ዲግሪ የያዘውንም ጠይቁት። መልሱ ብዙዎቻችንን ያሳፍረናል። ዩኒቨርሲቲዎቹም መልስ ለማዘጋጀት ይገደዳሉ።

ሰሌዳው ፊት አብራኝ የነበረችው ልጅ ትናንት ማመልከቻዋን ይዛ ቤቴ መጣች። ልምምዷ ካለቀ በኋላም ያቺን የ15 ዓመት ልጅ መጠየቅ አላቆመችም ነበር። ሰባት ወር ሙሉ፣ በየሐሙሱ፣ አክስቷ ቤት በእግሯ እየሄደች። ስትመለስ እኔ ጋር እየመጣች እንነጋገርበት ነበር። ማንም አልከፈላትም፤ ማንም ደብዳቤ አልጻፈላትም። ልጅቷ ዛሬ ትምህርት ቤት ተመልሳለች።

«የሥራ ልምድ የሚለው ቦታ ላይ ይህን መጻፍ እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስምና ቦታ ሳትጠቅስ ሰዓቱን ደምራ ጻፈችው። ከሥሩ «በሱፐርቪዥን የተሠራ» ብዬ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ማስታወቂያው ዓርብ ይዘጋል።